ከሶፊ እስከ ጁገል፤ ምጥ ሳይመጣ የሚቆረጥ ውሳኔ

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ደግሞም ከበርጫችሁ ቀንሳችሁ የመጣችሁ አባቶችና ወንድሞች፤ የምናገረው በአማርኛ ነው፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀላችሁ እናቶች አጠገባችሁ የተቀመጡትን ወጣቶች ጠይቁ፤ ብታቋርጡኝም አልቀየምም። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ጥናቶቹ የታተሙት በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ ነው።

ከሐረር ብዙም ሳይርቅ እጀርሳ ጎሮ የሚባል ቦታ አለ። በ1892 የሐረርጌ ገዥ የነበሩት የራስ መኮንን ባለቤት፣ ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ፣ እዚያ ወንድ ልጅ ተገላገሉ። ልጁ ተፈሪ ተባለ፤ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ንጉሥ ናቸው። ሌሎች የወለዷቸው ልጆች ግን አልበረከቱላቸውም ይባላል። እናቲቱም በ1894 ዐረፉ፤ ተፈሪ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የአገር ገዥ ሚስት ናቸው። በቤታቸው ማር አልጠፋ፣ ቅቤ አልጠፋ፣ በቅሎ አልጠፋ፣ የሚላክ ሰው አልጠፋ። በዚያ ዘመን በዚህ አገር ያልነበረው ለእናትና ለሕፃን የሚደርስ ሕክምና ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በአንድ የሶፊ ገበሬ ቤት ማሩና ቅቤው ላይኖር ይችላል፤ ሕክምናው ግን ቅርብ ነው። የሐረሪ ክልል በአገራችን ካሉት ክልሎች በስፋት ትንሹ ነው። ዘጠኝ ወረዳዎች አሉት፤ ስድስቱ ከተማ ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱ ማለትም ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ ገጠር ናቸው። ሐረር ውስጥ ሕይወት ፋና አለ፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል ነው። ጁገል ሆስፒታል አለ። ሌሎችም አሉ። በአፋር በረሃ ወይም በጋምቤላ ረግረግ ያለች እናት መንገዱ ገደለኝ ብትል እውነት አላት። የሶፊ እናት ስትሞት ግን መንገዱን ከመውቀሳችን በፊት ሌላ ነገር መመርመር አለብን። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ነገር ነው።

በ1994 ሰሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ፤ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠቀስ ነው። እናቶችን የሚገድሉት ሦስት መዘግየቶች ናቸው አሉ። አንደኛው ሕክምና እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ ለማግኘት መዘግየት ነው። መሃለኛው በእኛ አካባቢ ከሁሉም የቀለለው ነው። እኔ የምፈራው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው።

አንድ ሌሊት አስቡ። ምጡ የያዛት ከመግሪብ በኋላ ነው። ባል በርጫ ላይ ነው ወይም ጫት ውኃ ሊያጠጣ ወጥቷል። አማት «እኔ ስድስት የወለድኩት በዚህች መደብ ላይ ነው፤ ትንሽ ታገሺ» ይላሉ። የልምድ አዋላጇ ተጠርተው ይመጣሉ፤ እጃቸው የለመደ፣ ልባቸው የቀና ናቸው። ሕፃኑ ይወለዳል፤ እልልታ ይሰማል። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙም አልቆመም። «ደም የማይፈሳት ወላድ የለችም» ይባላል። ባል ይፈለጋል። ባል ሲመጣ ወንድሙ ይፈለጋል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ያለው እሱ ጋ ነው። ወንድሙ ሲመጣ ባጃጅ ይፈለጋል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ የደም መፍሰስ ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በዚያ ሌሊት ከሁለቱ ሰዓት ስንቱ በመንገድ፣ ስንቱ በመፈላለግ እንዳለቀ እናንተው ቁጠሩት።

እኛ የሐረርጌ ሰዎች መቸኮል አናውቅም የሚል ካለ ደግሞ የጫቱን ገበያ አወዳይን አላየም። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ቀን ከገፋበት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ማን እንደሚቆርጥ፣ ማን እንደሚያስር፣ የትኛው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ሾፌሩ ቢታመም ማን እንደሚተካው፣ ሁሉም ቀድሞ ተወስኖ ያድራል። ጅግጅጋ ከሰዓቱ በፊት ይደርሳል። ለማሳው ሰው ስብሰባ የሚጠራው ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ግን ከያዛት በኋላ ነው የምንመካከርባት። ይህን ስናገር የምትስቁ አላችሁ፤ ሳቁ፣ ግን እውነት ነው።

እንግዲህ ቀድሞ መወሰን ማለት ምን ማለት ነው? በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር፣ ሆዷ ገፍቶ ሳለ፣ ባልና ሚስት፣ አማትም ካሉ አማት፣ አንድ ቀን ቡና አፍልተው ይቀመጡ። የት እንደምትወልድ ይነጋገሩ። የማን መኪና ወይም ባጃጅ እንደሚጠራ፣ የሾፌሩና የወረዳው አምቡላንስ ስልክ የት እንደተጻፈ ይወቁ። ከብቱንና ትልልቆቹን ልጆች የሚይዝ ሰው ይለይ። ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ጤነኛ ዘመዶች ይታወቁ፤ ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ግን የሰው ሕይወት አንዳንዴ በዚህ ላይ ይንጠለጠላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባል በሌለበት «ተነሱ» የሚለው ማን እንደሆነ ይወሰን። እኔን ብትጠይቁኝ መልሱ አጭር ነው፤ ራሷ ነፍሰ ጡሯ ናት። ሕመሙ ያለው እሷ ጋ ነው፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ሰው ማፈላለግ የለባትም። ይህን ፈቃድ በሰባተኛው ወር በምስክር ፊት የሰጠ ባል እኔ ዘንድ ጀግና ነው።

መንገዱ የሚያሰጋ፣ ክረምት የሚከብድባቸው ሰፈሮች አሉ። ለነሱ የእናቶች ማቆያ የሚባል ነገር አለ፤ ቀኗ የደረሰ እናት ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቀድማ ገብታ ምጡን የምትጠብቅበት ቤት ነው። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ጉራጌ ውስጥ አጣጥ ሆስፒታል በ1976 ጀምሮታል። ከዘመድ ርቆ መቀመጥ ይሰለቻል፣ ገንፎውም እንደ ቤት አይጥምም። ቢሆንም ቀዶ ሕክምና አስፈልጓት የወለደች፣ ምጥ ቆሞባት የተረፈች ሴት እዚያ መቀመጧን አትጠላም።

አገራችን ከየት እንደመጣች ደግሞ እንወቅ፤ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ምንም አይሠራምና። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በ2000 ጤና ተቋም ውስጥ የምትወልደው ከሃያ እናቶች አንዷ ነበረች፤ በ2019 ከሁለት አንዷ ለመሆን ጥቂት ቀርቷታል። ይህን ለውጥ ያመጡት ትልልቅ ሕንጻዎች ብቻ አይደሉም። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶችን አስቀመጠ፤ ቤት ለቤት በእግራቸው የሄዱት እነሱ ናቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉትን አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልመለስ። ራስ ምታቷ የበረታ፣ ዓይኗ የሚጭበረበር፣ ፊቷና እጇ ያበጠ ነፍሰ ጡር ብታዩ፣ ደም ግፊቷ ሳይለካ አንድ ሌሊት አትደር። ካልታከመ መንቀጥቀጥ ያመጣል። መንቀጥቀጡ ሲመጣ እኛ አገር «ጂን ነው» ይባላል፤ ጭስ ይጨሳል፣ ሼኩ ይጠራሉ። ሼኩ ዱዓ ያድርጉ፤ እኔ ተቃውሞ የለኝም። መኪናውም ግን ይነሳ፤ ዱዓው መኪና ውስጥም ይደረጋል። ጤና ተቋም ውስጥ ማግኒዝየም ሰልፌት የሚባል ርካሽ መድኃኒት አለ። በ2002 ከ10,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ ተጠንቶ፣ የመንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ታይቷል። ጭሱን እንዲህ የለካው የለም።

ስለ ግርዛት ሳልናገር ብወርድ ደግሞ ሐረር መጥቼ ፈራሁ ማለት ነው። በ2016ቱ ጥናት በሐረሪ ክልል ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ከመቶ 82ቱ የተገረዙ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች፣ ጎረቤታችን ሱዳንን ጨምሮ፣ ከ28,000 በላይ ወላዶችን ተከታትሎ በ2006 ውጤቱን አሳትሟል። የተገረዘች ሴት በወሊድ ጊዜ የሚገጥማት የደም መፍሰስ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕጣ፣ የሕፃኑም ሞት ካልተገረዘችው ይበልጣል፤ ግርዛቱ በከፋ ቁጥርም አደጋው ይከፋል። የተገረዘች እናት ይህን ለአዋላጅ ነርሷ በክትትል ጊዜ ትንገር፤ ማፈር የለበትም፣ በሕክምና ሊዘጋጁላት ይችላሉ። ልጇን ግን አታስነካ። ያለ ዕድሜ ጋብቻም አለ፤ ሰውነቷ ሳይጠና ተድራ ምጥ ለቀናት የያዛት ልጅ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ፣ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1974 አዲስ አበባ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ታሪክ ይበቃዋል። ሆስፒታሉ በክልል ከከፈታቸው አምስት ማዕከላት አንዱ እዚሁ ሐረር ነው። ያለ ምክንያት አልመጣም።

እስካሁን የወቀስኩት ቤተሰብን ነው። ሦስተኛው መዘግየት ግን የእኛ የጤና ባለሙያዎቹ ነው። በሌሊት ደርሳ በር የሚከፍት ያጣች፣ ምጥ ላይ ሆና የተጮኸባት፣ «ስትረግዢ አልጮህሽም» የተባለች ሴት ሁለተኛ ልጇን እቤት ብትወልድ ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም። አንዲት የተሰደበች እናት ወደ ሰፈሯ ተመልሳ የምትናገረው፣ እኔ ዛሬ አንድ ሰዓት ከምለፈልፈው በላይ ይሰማል። ከስድቡ ሌላ ደግሞ ቸልታ አለ። ደም ስንት ፈሰሰ የሚለውን በዓይን ግምት እናልፈዋለን፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሰማንያ ሆስፒታሎች ውስጥ ተካሂዷል። ከወላዷ ሥር መስፈሪያ ያለው የላስቲክ ከረጢት ይነጠፋል፣ ደሙ ይለካል፣ ከልኩ ሲያልፍ ማሸቱም፣ መድኃኒቱም፣ ጉልኮሱም ሳይጠባበቁ በአንድ ላይ ይጀመራሉ። በዚህ ብቻ ብርቱው የደም መፍሰስና ከእሱ ጋር የተያዘው አደጋ በ60 በመቶ ቀነሰ። ላስቲክ ነው! የረቀቀ ማሽን አይደለም። የክልሉ ጤና ቢሮ ሰዎች ካላችሁ፣ ይህ ላስቲክ በእኛ ማዋለጃ ክፍሎች አለ ወይ የሚለውን ጥያቄ ይዛችሁ ውጡልኝ።

ወደ ሕፃኑ እንምጣ። በ2016ቱ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከነዚህ 29ኙ የሞቱት በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው። ያለ ቀን መወለድ፣ ሲወለዱ መታፈንና ኢንፌክሽን ዋናዎቹ ገዳዮች ናቸው። እዚህ ሐረርና በአቅራቢያችን ቀርሳ ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ የሐሩር አገር በሽታዎች ትምህርት ቤት በጋራ፣ ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ፣ የሞተ ሕፃን ለምን እንደሞተ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስደው ይመረምራሉ። ልጁን ቀብሮ የሚመለስ አባት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ምን እንደሚሰማው አስቡት። የፈቀዱት አባቶችና እናቶች ግን ለሌላው ልጅ ትልቅ ነገር አትርፈዋል። ምርመራው በአፍሪካና በእስያ ብዙ አገሮች ይካሄዳል፤ የሕፃኑ አከርካሪ ወይም የራስ ቅል ሳይገጥም የሚወለድበት ችግር ከሁሉም አብልጦ የታየው በእኛ በኢትዮጵያ ነው።

ይህ እርግማን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። ከምክንያቶቹ ዋነኛውና ልንከላከለው የምንችለው የፎሊክ አሲድ እጥረት ነው። አስቸጋሪው ነገር ሰዓቱ ነው። የሕፃኑ አከርካሪ የሚዘጋው ከጽንሱ በአራት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። በአራተኛው ወር ጤና ጣቢያ ሄዳ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብሉን ብትቀበል ለደሟ ይጠቅማታል፤ ለአከርካሪው ግን አልፏል። ለመውለድ የምታስብ ሴት ስለዚህ ከመጸነሷ በፊት ትጀምር። መንግሥት በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥቷል፤ መልካም ነው። የሶፊ ሰው ግን የሚበላው ከራሱ ማሳ የመጣ ማሽላ ነው፤ በሰፈር ወፍጮ ይፈጫል። የፋብሪካ ዱቄት የሚያገኘው ከተማው ነው። ስለዚህ ለገጠሯ ሴት እንክብሉ ራሱ ቤቷ መድረስ አለበት። ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አረንጓዴ ቅጠል ፎሌት አላቸው፤ ባቢሌ ለውዝ የሚበቅልበት አገር ላይ ተቀምጠን ለውዙን ሁሉ ለገበያ ባንሸጠው እወዳለሁ። እንክብሉን ይተካል ግን አልልም።

ጫትም አለ። ነፍሰ ጡር የምትቅም ሴት መኖሯን ሁላችንም እናውቃለን፣ አንናገረውም እንጂ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የደም ሥርን ያጠባል፤ ሲወለድ ክብደቱ ካነሰ ሕፃን ጋር ተያይዞ ተጠንቷል፤ በጡት ወተትም ወደ ልጁ ያልፋል። ቡናውና ሻዩ ደግሞ ከምግቡና ከብረት እንክብሉ ጋር አብሮ አይጠጣ፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። አንድ ሰዓት ቢቆይ ምን ይሆናል?

ልጁ ተወለደ እንበል። ተጠርጎ ይድረቅ፣ እናቱ ደረት ላይ ይደረግ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ። እንገሩ ቢጫና ወፍራም ነው፤ «የቆየ ወተት ነው» ተብሎ ታልቦ የሚደፋበት ቤት አለ። ያ የተደፋው ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያ መድኃኒቱ ነበር። በሐረሪ ክልል የመንግሥት ጤና ተቋማት ልጅ ሊያስከትቡ በመጡ እናቶች ላይ በተደረገና በ2014 በታተመ ጥናት፣ ከመቶ እናቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት ከጡት በፊት ሌላ ነገር አቅምሰዋል። ስኳር ውኃ ነው፣ ቅቤ ነው፣ ሌላም ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በሐረር ሙቀት እንኳ ውኃ አያስፈልገውም። እትብቱ ላይ ቅቤም አመድም አይደረግ፤ ጤና ኬላ የሚሰጠው ክሎርሄክሲዲን ቅባት አለ። እጥበቱ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ።

ያለ ቀኑ ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ደግሞ የሚድነው በገላ ሙቀት ነው። በ1978 ቦጎታ ውስጥ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ማሞቂያ ሳጥን አልበቃ ቢላቸው፣ ሕፃናቱን ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ጡት መሃል አስረው አቆዩአቸው። ዘዴው ካንጋሮ ተባለ። በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ቢታቀፍ ሞት በሩብ ይቀንሳል። ሐረርጌ ልጅ ማዘል ታውቃለች፤ ይሄኛው በፊት ነው፣ ገላ ለገላ ነው፣ ቀንና ሌሊት ነው። እናት ሲደክማት አባትም ያቅፋል። ወንዶች፣ ሰምታችኋል?

ስለ አራስ ቤት ጥቂት ልበል። አርባ ቀን ማረፍ፣ ገንፎና አጥሚት፣ የጎረቤት ሴቶች መሰባሰብ፣ ይህ ሁሉ አያቶቻችን ያቆዩልን ደግ ነገር ነው፤ የውጭ አገር አራሶች ይቀኑበታል። ጉድለቱ አርባው ቀን የእስር ቤት ግድግዳ ሲሆን ነው። ትኩሳት የያዛት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚፈሳት፣ ጡቷ የጋለ አራስ «አርባዋ ሳይሞላ አትወጣም» ተብላ መቅረት የለባትም። ጡት መያዝ ያቆመ፣ የቀዘቀዘ ወይም የጋለ፣ መዳፉና እግሩ ቢጫ የሆነ ሕፃንም እንዲሁ። ለቢሲጂው ክትባት አርባ ቀን አይጠበቅም፤ ሲወለድ የሚሰጥ ነው። ለ45 ቀኑ ግን እንዳትቀሩ። ሌላም አለ፤ ልጇን አይታ ደስታ ያልተሰማት፣ ቀኑን ሙሉ የምታለቅስ፣ እንቅልፍ የራቃት አራስ ስንፍና አልያዛትም፣ ዓይነ ጥላም አይደለም። ሕመም ነው፤ ይታከማል። ብቻዋን አትተዉአት።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሐረር እናቶች አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አላችሁ፤ ለሠርግና ለሐዘን ማን ምን እንደሚያመጣ ሳይጻፍ ታውቃላችሁ። የየሰፈሩ አፎቻ በወሩ ውስጥ የምትወልደውን ሴት ስም ይያዝ። ጫት የምታመላልሱ ሾፌሮች በተራ አንድ አንድ ሌሊት ስልካችሁን ክፍት አድርጋችሁ እደሩ። ኢማሞቻችን ደግሞ ዓርብ ከሶላት በኋላ የሳምንቱን ባለተራ ሾፌሮች ስምና ስልክ አንብቡልን። ተራውን ለመጀመር የፈቀደ ሾፌር ካለ፣ ሳይወጣ ስልኩን ያስመዝግብ፤ የሶፊ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደብተራቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።